ባልዲውን የት ልድፋው

ሽታው የጀመረው በሁዳዴ ጾም አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። ትርፌ መጀመሪያ ከፍሪጁ ኋላ የወደቀ ሥጋ ያለ መስሏት ማድ ቤቱን እያገላበጠች ፈተሸች። ምንም የለም። የጓሮውን በር ስትከፍት ግን እንደ ተበላሸ እንቁላል ያለ ሽታ ከአትክልቱ ስፍራ መጥቶ አፍንጫዋን ሞላው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ማዳም ፋጡማ ከፎቁ ላይ፣ ሕፃኗን ጁድን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደ ያዘች። «ዝጊው! መስኮቱንም ሁሉንም ዝጊ!»

ትርፌ ዘጋች። ከዚያ ማዳም እንዳዘዘቻት ባልዲውን ውሃ ሞልታ፣ ሁለት ኩባያ በረኪና ጨምራበት፣ ወለሉን ከደረጃው ጀምራ እንደ ገና ወለወለች። ለዚያ ቀን ሦስተኛዋ ነበር።

ትርፌ ከራያ ቆቦ ወደ ሳዑዲ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የምትሠራበት ቤት ኮባር ከተማ፣ አል ራዋቢ በሚባለው ሰፈር፣ ዐሥራ ሁለት ቪላዎች ባሉበት አዲስ ግቢ ውስጥ ሰባተኛው ነው። በሩ ላይ «ውሃ ቆጣቢ መኖሪያ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ትርፌ ሰሌዳውን በየቀኑ ታየዋለች እንጂ ምን ማለት እንደ ሆነ የነገራት ሰው አልነበረም። የምታውቀው ግቢው ውስጥ እንደ ሌላው ቦታ ሣር አለመኖሩን፣ በሣሩ ፈንታ ጠጠር ተነጥፎ በመካከሉ ሙቀት የሚችሉ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች መተከላቸውን፣ እነሱንም ጎማ ይዞ የሚያጠጣ ሰው አለመኖሩን ብቻ ነው።

የበረኪናው ነገር ደግሞ የራሱ ምክንያት ነበረው። ጁድ የተወለደችው በሰባት ወሯ ነው። አርባ ቀን ሆስፒታል ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተኝታ ነው ያደገችው። በዚያው ሰሞን ኮሮና የሚሉት፣ በኋላ ዓለምን ካዳረሰው የተለየ፣ ሳንባ የሚይዝ በሽታ በአገሩ ተነሥቶ ነበርና፣ ሁፉፍ በተባለው ከተማ ይኖር የነበረው የማዳም ፋጡማ አጎት በሁለት ሳምንት ውስጥ ታሞ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደይ ወራት ወሬው ሲብስ ማዳም ቤቱን ዘጋችው። እንግዳ ቀረ። በረኪና በካርቶን ይገባ ጀመር። ወለሉ፣ የበሩ እጀታ፣ የሻወሩ ግድግዳ፣ የሕፃኗ ልብስ፣ ሁሉም በበረኪና ይታጠባል። የትርፌ እጆች ከመሰነጣጠቃቸው የተነሣ ጨው የምትነካው ዐይኗን ጨፍና ነበር።

ቤቱ ውስጥ አሮጊትም አሉ። በስሙ ያስመጣት የካፊሏ፣ የማዳም ባል፣ እናት ኻላ ዓቢዳ ናቸው። ጉልበታቸው ስለ ደከመ ትርፌ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግፋ ታወጣቸዋለች፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዛፉ እዚያ የበቀለ አልነበረም። ሁፉፍ የነበረው አሮጌ ቤታቸው ሲሸጥ ልጃቸው በክሬን አስነቅሎ፣ በትልቅ መኪና አስጭኖ ያመጣላቸው ነው። ሲድር ይሉታል። ትርፌ ግን ገና ስታየው ነበር ያወቀችው፤ በአገሯ ቁርቁራ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ሞልቷል፤ ልጅ ሆና እሾሁ እየወጋት ፍሬውን ስትለቅም አድጋለች። ለዚህም ይሆናል ከሰው ሁሉ ከኻላ ዓቢዳ ጋር የተግባባችው። ሁለቱም ከዛፉ ሥር ሲሆኑ ብዙ አያወሩም።

ሽታው በመጣ በሁለተኛው ሳምንት የቁርቁራው ቅጠል ጫፍ ጫፉ ይቃጠል ጀመር። ቀጥሎ ቢጫ ሆነ። ትርፌ አንድ ከሰዓት በኋላ አሮጊቷን አስቀምጣ ወደ ግንዱ ጠጋ አለችና ቅርፊቱን እየዳሰሰች፣ «ቁርቁራዬ፣ ምን ሆንሽብኝ?» አለች።

«ቁርቁራ ነው ያልሽው?» አለ አንድ ድምፅ በአማርኛ።

ትርፌ ክው አለች። ከቁጥቋጦው ማዶ፣ ክዳኑ በተነሣ ጉድጓድ አጠገብ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ተንበርክኳል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ወዲያው ወደ ኻላ ዓቢዳ ዞረች፤ ከማያውቁት ወንድ ጋር ማውራት በዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም።

«ያገርሽ ሰው ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«ይመስለኛል ኻላ።»

«እኔ እዚሁ አለሁ። ዛፌን ምን እንደ ነካው ጠይቂልኝ።»

ሰውዬው ምንያህል ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አርባ ምንጭ የውሃ ምህንድስና ተምሮ፣ ግቢውን በሠራው ኩባንያ በኮንትራት ተቀጥሮ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። የግቢው ውሃ በእሱ እጅ ነው። ትርፌ የአሮጊቷን ጥያቄ ስትነግረው እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ ነገራት።

«ይኸውልሽ እህቴ፣ ከሻወሩ፣ ከእጅ መታጠቢያው፣ ከልብስ ማጠቢያው፣ ከወለሉ የሚወርደው ውሃ በሙሉ እዚህ ከመሬት በታች ወዳለው ታንከር ይመጣል። ከሽንት ቤቱና ከማድ ቤቱ የሚወጣው ብቻ በሌላ ቧንቧ ወደ ከተማው ፍሳሽ ይሄዳል። ታንከሩ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። ሳሙናውንም እድፉንም የሚበሉት እነሱ ናቸው። ውሃው ይጠራና በዚህ በተበሳሳ ጎማ አድርጎ ከዛፎቹ ሥር ይንጠባጠባል። አንቺ ጠዋት የታጠብሽበት ውሃ ማታ ይህን ዛፍ ያጠጣል ማለት ነው።»

ትርፌ ጎማውን፣ ቀጥሎም ዛፉን አየች። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ በቧንቧ እየወረደ የት እንደሚገባ አስባ አታውቅም። ቆቦ እያለች እናቷ እግር የታጠበበትን ውሃ ቃሪያው ላይ ነበር የምትደፋው።

«ታዲያ አሁን ምን ሆነ?»

«ነፍሳቱ ሞቱ። የሆነ ነገር ገደላቸው። የሚሸተውም ለዚያ ነው፤ ዛፉ የሚጠጣው ያልተጣራ እድፍና መርዝ ነው።» ከኪሱ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አወጣ። ጫፉ ጠቁሮ ወይን ጠጅ ሆኗል። «የየቤቱን ጉድጓድ በዚህ እየነከርኩ ነው። በረኪና ካለ ቀለሙ ይጠቁራል። የሁሉም ቤት ትንሽ ትንሽ አለበት። ይህ ግን የሰባት ቁጥር ነው።» ቀና ብሎ አያት። «እናንተ ቤት በረኪና ይበዛል?»

ትርፌ ወደ ቤቱ መስኮት ዞር ብላ አየች።

«እኔ እንጃ» አለች። «ማፊ፣ የለም። በሳሙና ነው የምናጥበው።»

ምንያህል የተሰነጣጠቁ እጆቿን አየ፤ እሷም ማየቱን አየችና ከጀርባዋ ደበቀቻቸው። አልተጫናትም።

«እሺ። ምናልባት ከሰማሽ ብዬ ነው። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካልተስተካከለ ሥራ አስኪያጁ መስመሩን ሊዘጋው ነው። ዛፎቹ ይነቀሉና ሣር ይነጠፋል። ሣሩ የሚጠጣው ደግሞ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣውን የመጠጥ ውሃ ነው፤ ለዚያውም በየቀኑ።»

«እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔማ ኹሩጅ ነዋ፣ ወደ አገር መሸኘት!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ዐይኑ ዘንድ አልደረሰም።

ትርፌ ለኻላ ዓቢዳ፣ «ውሃው ተበላሽቷል ነው የሚለው» ብላ ብቻ ነገረቻቸው።

ያን ዕለት ሥራ አልሆንላት አለ። መዋሸቷን ታውቃለች፤ ለምን እንደ ዋሸችም ታውቃለች። ባለፈው ኅዳር ወረቀት የሌለው ሁሉ እየታፈሰ ሲሄድ፣ ጓደኛዋ ማኅደር ሻንጣዋን እንኳ ሳትይዝ ነበር የተሳፈረችው። ከዚያ ወዲህ ትርፌ ለራሷ የሰጠችው አንድ ሕግ አለ፤ የቤቱን ነገር ለውጭ ሰው አለመናገር። ደግሞስ ብትናገር ማን ሊሰማት? ማዳም በረኪናውን የምታስደፋው በክፋት አይደለም። ጁድ ሲያስነጥሳት ማዳም የምትሆነውን ትርፌ በዐይኗ አይታለች፤ ሰውነቷ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

ግን ጠዋት ጠዋት ከመሥራቷ በፊት በክፍሏ ውስጥ ስትጸልይ ልቧ እየተበተነ ተቸገረች። በጾም ተቀምጣ፣ ምግብ ከአፏ ከልክላ፣ አፏ የተናገረው ውሸት አንድን ሰው ከሥራው ሊያስባርረው ነው። ያውም ያገሯን ሰው። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነች።

በአራተኛው ቀን ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ሳለ ነፋስ ነፈሰና የቁርቁራው ቅጠል በኻላ ዓቢዳ ጭን ላይ ረገፈ። አሮጊቷ ቅጠሉን አላራገፉትም። አንድ በአንድ እየለቀሙ መዳፋቸው ላይ ያስቀምጡት ጀመር።

ትርፌ ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ኻላ» አለች በአረብኛ፣ «ዛፉን የምገድለው እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። የታንከሩን፣ የነፍሳቱን፣ የወረቀቱን ቀለም፣ የዋሸችውን። ኻላ ዓቢዳ እስክትጨርስ ሰሟት።

«እኔ ሙሽራ ሳለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሁፉፍ ውስጥ ውሃ ከመሬት በራሱ እየፈላ ይወጣ ነበር። ሴቶች ሁላችን ልብስ ይዘን እንሄዳለን፤ ክረምት ክረምት ውሃው ሙቅ ነው፣ እጃችንን አይበርደንም። ከዚያ ፓምፕ የሚባል መጣ። እያንዳንዱ ሰው ለቴምሩ አንድ አንድ ተከለ። ባሌም ተከለ። አንድ ዓመት ልብሳችንን ይዘን ስንሄድ ያገኘነው ጭቃ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጭቃውም የለም። ሰዎቹን ሁሉ ብትጠይቂ፣ የእኔ ፓምፕ አይደለም ያደረቀው ነበር የሚሉት።» የለቀሙትን ቅጠል ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «አንቺ እኔ ነኝ ስላልሽ አላህ ይባርክሽ። ደግፊኝ፤ እንግባ። ለፋጡማ አብረን እንነግራታለን።»

ማዳም ፋጡማ ሳሎን ነበረች። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ የያዛት ንዴት ነው።

«የቤቴን ነገር ለግቢው ወንድ ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም ማዳም። ዋሸሁት።»

«ጁድ ብትታመምስ? ዛፍ ነው ከልጄ የሚበልጠው?»

«ማንም ይበልጣል አላለም ፋጡማ» አሉ ኻላ ዓቢዳ።

«እናንተ አላያችሁም!» ድምፅዋ ተሰበረ። «አርባ ቀን በመስታወት ስታዩአት ኖራችሁ አታውቁም። እጄን እስከ ክርኔ ካላጠብኩ በጣቴ እንኳ አያስነኩኝም ነበር። አሁን ደግሞ አጎቴ… ኸላስ! አንድም ሰው ስለ በረኪና እንዲያነሣብኝ አልፈልግም። ትርፌ፣ አንቺም ወደዚያ አትክልት አትወጪም።»

ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ወደ ፎቅ ወጣች። ትርፌ የተቆጣቻትን ሴት ጀርባ እያየች ልቧ አዘነላት። እሷም የእናት ልጅ ናት፤ እናቷ ለታናሽ ወንድሟ ሦስት ቀን ሳትተኛ ስትጠብቅ ታስታውሳለች።

በማግስቱ የታችኛውን ፎቅ ወልውላ ጨረሰችና እንደ ወትሮዋ ባልዲውን ወደ ሻወሩ ክፍል ወሰደችው። ወለሉ ላይ ባለው የውሃ መውረጃ ልትደፋው ጎንበስ እንዳለች እጇ አየር ላይ ቀረ። «ከሽንት ቤቱ የሚወጣው ብቻ በሌላ ቧንቧ ወደ ከተማው ይሄዳል» ያለው የምንያህል ቃል ጆሮዋ ላይ መጣ። መውረጃውን አየችው። ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቆ የሽንት ቤቱ መቀመጫ አለ።

ማዳም በረኪናውን ተዪ አላለችም። ማዳም ባልዲውን የት እንደምትደፋም ነግራት አታውቅም።

ትርፌ ሁለቱን እርምጃ ተራመደች፤ ክዳኑን አነሣችና ባልዲውን እዚያ ውስጥ ገለበጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የበረኪና ጠብታ ወደ ሌላ መውረጃ እንዳይገባ ተጠነቀቀች። ከባዱ የልብሱ ነገር ነበር፤ የጁድ ልብስ በረኪና ተጨምሮበት ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑም ውሃውን በቀጥታ ወደ ታንከሩ ይለቀዋል። ለእሱም መላ አገኘች። ልብሱን መጀመሪያ በገንዳ ዘፍዝፋ፣ የዘፈዘፈችበትን ሽንት ቤት ደፍታ፣ ጨምቃ ነው ማሽን ውስጥ የምታስገባው። ሥራው ጨመረባት። ወገቧ አመማት። ለማንም አልተናገረችም።

በስምንተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። የከፈተው ካፊሏ ነው፤ ትርፌ ባባ ትለዋለች። ምንያህል የወረቀት ቁራጮቹን ይዞ ቆሟል።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ በተሰባበረ አረብኛ። «ከናንተ ቤት የሚመጣው ውሃ ከሁሉም ቤት ንጹሕ ሆኗል። ምን አደረጋችሁ?»

ማዳም ፋጡማ ከደረጃው ላይ ሰምታ ነበር። ፊቷ ወረቀት መስሎ ወረደች። «ትርፌ! በረኪናውን ትተሽዋል! ሳትነግሪኝ ትተሽዋል!»

«ወላሂ አልተውኩም ማዳም» አለች ትርፌ። «ይምጡ፣ ይዩ።»

ማዳምን ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰደቻትና የሳምንቱን ባዶ ጠርሙሶች አሳየቻት፤ ቁጥራቸው እንደ ወትሮው ነው። ወደ ሻወሩ ክፍል ወሰደቻት። «በፊት እዚህ ነበር የምደፋው» አለች መውረጃውን እየጠቆመች። «አሁን እዚያ ነው። ሌላ የቀየርኩት ነገር የለም።»

ማዳም ፋጡማ መውረጃውን አየች። ሽንት ቤቱን አየች። ከዚያ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። ጁድ ከተወለደች ወዲህ ትርፌ ያን ሳቅ ሰምታው አታውቅም። ሳቁ መሐል ላይ እንባ ሆነ።

«ስምንት ቀን ሙሉ?»

«ስምንት ቀን ማዳም።»

«እኔም ልጄ ደኅና ነች እያልኩ ነበር፤ ስምንቱንም ቀን።»

ምንያህል ነገሩን ከባባ አፍ ሲሰማ በሩ ላይ እንደ ቆመ ግንባሩን ያዘ። ግቢው ሲከፈት ለእያንዳንዱ ቤት በአረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ አድሎ ነበር። ክሎሪን ያለባቸውን ማጽጃዎች ወደ መስመሩ ከመልቀቅ ይቆጠቡ ይላል። አንድም ሰው አላነበበውም።

«ወረቀቱን ለዐሥራ ሁለት አባወራ ሰጠሁ» አላት ለትርፌ በአማርኛ። «ባልዲ የሚይዝ አባወራ ግን የለም። ከመጀመሪያው እናንተን ነው ማናገር የነበረብኝ። አጥፍቻለሁ።»

«እኔም ዋሽቼዎት ነበር» አለች ትርፌ።

«አውቄያለሁ። እጅሽን አይቼ ነበር። ለምን እንደ ዋሸሽም ስለ ገባኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ምንያህል ግን ወንድ ነው፤ በየቤቱ እየገባ ሠራተኞቹን ማናገር አይችልም። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ባባ ሚስቱን አያት። ማዳም ፋጡማ ደግሞ እቅፏ ውስጥ ያለችውን ጁድን አየች። በመጨረሻ ከዕቃ ቤት ያልተነካውን አዲስ የሕፃን ጋሪ አስወጣች።

«ይዘሻት ዙሪ» አለች ለትርፌ። «ንፋስም ይነካት። ሐኪሙ ካለኝ ወር አልፎታል።»

እንዲህ ሆነና ትርፌ ጋሪ እየገፋች የግቢውን በሮች ታንኳኳ ጀመር። ሕፃን የያዘችን ሴት ማንም በር ላይ አያቆማትም። ዐሥር ቁጥር ያለችው ኢንዶኔዥያዊቷ ስሪ አረብኛዋ ገና ስለ ነበረ ትርፌ ባልዲ አንሥታ በምልክት አሳየቻት፤ መውረጃውን እየጠቆመች አንገቷን እንደ ታነቀ ሰው አደረገች፣ ሽንት ቤቱን እየጠቆመች ፈገግ አለች። ስሪ ከሳቋ የተነሣ ግድግዳ ተደገፈች፤ ግን ገባት። አራት ቁጥር ማዳሟ ራሷ ወጥታ፣ «ቤቴን የምታዝዢው አንቺ ማነሽ?» ብላ በሩን ዘጋችባት። ሦስት ቁጥር የነበረችው መታሰቢያ ደግሞ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነች፤ የባሰችው እሷ ነበረች።

«አንቺ ደግሞ የማን ተቆጣጣሪ ሆነሽ ነው የመጣሽው?»

«የማንም አይደለሁም።»

«ሦስት ፎቅ ነው የምወለውል! ጀርባዬ ተቆርጧል። አሁን ደግሞ ባልዲ ተሸክሜ ለዛፍ ላስብ? ለእኔ ማን አሰበልኝ?»

እውነቷን ነበር። ትርፌ ጋሪውን አቁማ፣ ጁድን በአንድ እጇ አቅፋ፣ በሌላው የመታሰቢያን ባልዲ ተቀበለችና ሦስተኛው ፎቅ ወጣች። ሽንት ቤቱ ከደረጃው ራስ ላይ ነበር፤ መታሰቢያ ስትደፋበት የኖረችው መውረጃ ግን ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ በረንዳው ላይ።

«እይው» አለች መታሰቢያ ከኋላዋ ቆማ። «ሁለት ዓመት ያን ሁሉ መንገድ ስሸከም።» ተያዩ። መታሰቢያ መጀመሪያ ሳቀች፤ ትርፌም ሳቀች።

ምንያህል ከሌላ ማጣሪያ ጣቢያ በርሜል ሙሉ ጭቃ አስመጥቶ ታንከሩ ውስጥ ጨመረ፤ ነፍሳቱ ከዚያ እንዲራቡ ነው። ፋሲካ በዋለ በዐሥረኛው ቀን ሽታው ቀለለ፤ በግንቦት መጀመሪያ ጠፋ። የአራት ቁጥሩ ወረቀት እስከ መጨረሻው እንደ ጠቆረ ነው፤ ታንከሩ ግን የአንድ ቤት በረኪና ተቋቋመ። ሥራ አስኪያጁ የሣሩን ነገር ተወው። ምንያህልም ኹሩጅ አልወጣም። ዛፎቹ ሁሉ ግን አልተረፉም፤ በሩ አጠገብ የነበሩ ሦስት ዛፎች ደርቀው ተነቀሉ። የኻላ ዓቢዳ ቁርቁራም በስተ ምሥራቅ ያለው ትልቁ ቅርንጫፉ ሞተና በመጋዝ ተቆረጠ። አሮጊቷ ወንበራቸውን ጥላው ወዳለበት ወደ ቀረው ጎን አዞሩ። «እኔስ ምን ሙሉ ነገር ቀርቶኛል?» ነበር ያሉት።

በሚቀጥለው ዓመት የምንያህል ኩባንያ ደማም ውስጥ ለሐኪሞች ቤተሰብ የሚሆን እንዲሁ ዓይነት ሕንጻ ሠርቶ ጨረሰ። ምንያህል ለባባ ደወለና አንድ ነገር ለመነ፤ ሰዎቹ ቤቱን ከመረከባቸው በፊት የየቤቱ ሠራተኞች ይሰብሰቡ፣ ትርፌ ትንገራቸው። ባባ ፈቀደ። ማዳም ፋጡማ ግን ብቻዋን አልሰድዳትም አለች። ጁድን ይዛ እሷም መኪናው ውስጥ ገባች።

አዳራሹ ውስጥ ሃያ ያህል ሴቶች ነበሩ። ትርፌ በሕይወቷ ከሦስት ሰው በላይ ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ምንያህል ያሣለው ሥዕል ከኋላዋ ተለጥፏል፤ ባልዲ፣ ሽንት ቤት፣ ዛፍ፤ ፊደል አንድም የለበትም። በቤት አረብኛዋ ጀመረች። ውሃው የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚጠጣው፣ ምን እንደሚገድለው ነገረቻቸው። የልብሱን አዘፋዘፍም በእጆቿ አሳየቻቸው።

ስትጨርስ ከመካከል አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አነሣች። ሔለን ትባላለች፤ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ስለ ነበር በአማርኛ ነው የጠየቀችው።

«እትዬ፣ ማዳሜ እምቢ ብትለኝስ? እሷ ያለችኝን ነው እንጂ እኔ መርጬ የምደፋው ነገር የለም።»

ትርፌ እንደ እኔ ተደብቀሽ አድርጊው ልትላት አልፈለገችም፤ ያን ሰሞን የኖረችበትን ፍርሃት ታውቀዋለች። ወደ ማዳም ፋጡማ አየች።

«ምን አለች?» አለች ማዳም ፋጡማ ከኋላ ወንበር፣ ጁድን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች።

ትርፌ ተረጎመችላት።

ማዳም ፋጡማ ጁድን ይዛ ተነሣች። «ቁጥሬን ስጪያት» አለች። «እምቢ ካለች ስልኬን ለማዳሟ ትስጣት። በሰባት ወሯ የተወለደች ልጅ እናት ነኝ፣ እኔም ፈርቼ ነበር ብዬ እነግራታለሁ።»

ትርፌ ቁጥሩን ጮክ ብላ ጠራችው። ሔለን ወረቀት አልያዘችም፤ ካጠገቧ ካለችው ሴት እስክርቢቶ ተውሳ መዳፏ ላይ ጻፈችው። ሌሎቹም መዳፋቸውን ዘረጉ።